መቆጠብ ከጀመርኩ ወዲህ ነው ዕዳ ውስጥ የገባሁት

ጥያቄው የመጣው ከቦሌ አራብሳ ነው። ጠያቂዋ 24 ዓመቷ ነው፤ ለገጣፎ መንገድ ላይ ባለ የማሸጊያ ፋብሪካ በሒሳብ ሠራተኝነት ከተቀጠረች ዓመት አልሞላትም። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ደመወዜ 12 ሺህ ነው፣ እጄ የሚገባው 8,910። ከጓደኛዬ ጋር ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም በ6 ሺህ ተከራይተን እኩል እንከፍላለን። ሸኖ ላለችው እናቴ 1,500 እልካለሁ። ታክሲ 1,300፣ ምግብ 2 ሺህ ግድም፣ የስልክ ጥቅል 300 ይወስድብኛል። ሁሉም ቆጥቢ ሲለኝ የሰፈር እቁብ ገባሁ፤ 20 ሰው ነን፣ በየእሁዱ 500 እንጥላለን። ሰባት ሳምንት ጥያለሁ፣ ዕጣው ገና አልወጣልኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ወሩ አልደርስ እያለኝ በስልክ ተበደርኩ። መጀመሪያ 1,200 ወስጄ 1,290 መለስኩ። ባለፈው ወር 2,500 ወሰድኩ፣ የምመልሰው 2,690 ነው። የብድር ጣሪያዬንም ከፍ አድርገውልኛል። አሁን ደግሞ አከራያችን የሦስት ወር ቅድሚያ ክፈሉ ብላለች። እቁቡ ሲደርሰኝ ለእሷ ልስጣት ወይስ አክሲዮን ልግዛበት? ለመሆኑ በወር ስንት መቆጠብ አለብኝ?»

እህቴ፣ ወደ አክሲዮኑም ወደ አከራይሽም እመጣለሁ። በቅድሚያ ግን የጻፍሽውን ቁጥር ደምሪው፤ ሒሳብ ሠራተኛ ነሽና አይከብድሽም። ኪራይ 3 ሺህ፣ ለእናትሽ 1,500፣ ታክሲ 1,300፣ ምግብ 2 ሺህ፣ ስልክ 300፤ በድምሩ 8,100። ከ8,910 ላይ 810 ብር ይተርፋል። እቁብ ከመግባትሽ በፊት የነበረው ኑሮሽ ይኸው ነው፤ ጠባብ ነው፣ ዕዳ ግን አልነበረበትም። በዚህ 810 ብር ላይ የ2 ሺህ ብር እቁብ ጫንሽበት። የጎደለውን 1,190 ብር ስልክሽ ሞላው። ቆጥቢ ብሎ የመከረሽ ሰው ብዙ ነው፤ ከምኑ ላይ ብሎ የጠየቀሽ ግን ያለ አይመስለኝም። በአሁኑ ሰዓት የምትቆጥቢው እየተበደርሽ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ ባለበት አይቆምም። በመጀመሪያው ወር 1,190 ጎደለሽና 1,200 ወሰድሽ። በሁለተኛው ወር ያው 1,190 እንደገና ጎደለ፣ በዚያ ላይ 1,290ው ዕዳ ገና ደመወዝሽ ሲገባ ተቆረጠ፤ አንድ ላይ 2,480 መጣ፣ 2,500 ወሰድሽ። በዚሁ ከቀጠልሽ ቀጣዩ ወር 2,690 እና 1,190 ተደምሮ 3,880 ይጠይቅሻል። አንዲት ብር ወጪ ሳትጨምሪ ማለት ነው። ጣሪያሽን ከፍ ያደረጉልሽ በሰዓቱ ስለመለስሽ ነው፤ በምን ብር እንደመለስሽ ማንም አላየም።

90 ብር ብቻውን ሲታይ ያን ያህል አያስደነግጥም፣ የሁለት ቀን ታክሲ ነው። ግን ለ1,200 ብር ለአንድ ወር የተከፈለ ነው፣ ማለትም 7.5 በመቶ። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ይሁን ሲል የዓመት ወለድ ማለቱ ነው። አንቺ ለአንድ ወር የከፈልሽው ባንክ ዓመት ሙሉ ከሚከፍልሽ ይበልጣል። እቁቡ ደግሞ ከነጭራሹ ወለድ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ሳያስበው የሚይዘው ስለሆነ። ደመወዝሽ የወር ነው፣ እቁብሽ የሳምንት። ወራችን 30 ቀን ነውና ወሩ ቅዳሜ ወይም እሁድ ከባተ እሁዱ አምስት ይሆናል። በዚያ ወር እቁብሽ 2,500 ነው። አንቺ በአራት እሁድ አስበሽ፣ አምስተኛው ላይ የእቁቡ ዳኛ ደጅሽ ሲቆም ትደነግጫለሽ። ደመወዝ የገባ ዕለት ቀን መቁጠሪያ አውጥተሽ የወሩን እሁዶች ቁጠሪና የእቁቡን ብር አንድ ላይ ለይተሽ አስቀምጪ።

ታዲያ እቁቡን ልተወው? አይሆንም። መሃል ላይ ማቋረጥ ዋስሽን ያስቀይማል፣ ስምሽንም በሰፈሩ ያበላሻል፤ የጣልሽውንም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚመልሱልሽ እቁቡ ሲያልቅ ነው። እኔ የማየው መውጫ ግማሽ ዕጣ ነው። ዳኛውን በግል አነጋግሪው፤ እሁድ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ሳይሆን ከዚያ በፊት። «ዕጣዬን ከሌላ ሰው ጋር ልካፈል፣ በየሳምንቱ 250፣ 250 እንጣል» በዪው። ለእቁቡ የሚቀየር ነገር የለም፤ በአንቺ ስም 500 ብር መግባቱን ይቀጥላል። የሚገባው ሰው የሚታመን ይሁን፣ የሥራ ባልደረባሽ ወይም አብራሽ የምትኖረው ልጅ ልትሆን ትችላለች። እስካሁን የጣልሽው 3,500 ስለሆነ ተካፋይሽ ስትገባ ግማሹን፣ 1,750 ብር ትሰጥሻለች። ዋስሽ ይወቅ፣ ጸሐፊውም ደብተሩ ላይ የሁለታችሁን ስም ይጻፍ። ይህች የጽሑፍ ነገር ሳትዘነጋ፤ ዕጣው ሲወጣ «እኔ ያገዝኩሽ መስሎኝ» የሚባል ክርክር ሰምቼ አውቃለሁ።

1,750ው ሳይውል ሳያድር ወደ ስልኩ ዕዳ ይግባ። ከ2,690 ላይ 940 ይቀራል። ወርሽም ይለወጣል፤ 8,100 ላይ አራት እሁድ ካለው 1,000፣ አምስት ካለው 1,250 ትጨምሪያለሽ። 9,100 ወይም 9,350 መሆኑ ነው። አሁንም ከ8,910 በ190 ወይም በ440 ይበልጣል፣ አልሸሽግሽም። ግን ይህ ያለ ብድር የሚሞላ ቀዳዳ ነው። ከአራብሳ አያት፣ ከአያት ለገጣፎ ሁለት ታክሲ የምትይዢ ከሆነ፣ ጠዋት ቀደም ብለሽ ወጥተሽ በሳምንት ጥቂት ቀን አንዱን ጉዞ በከተማ አውቶቡስ ብታደርጊው 200 ብር ገደማ ይገኛል። የቀረው ከትርፍ ሰዓት ይምጣ።

ስለ ትርፍ ሰዓቱ ትንሽ ልቆይበት፤ ወጣት ሠራተኞች መብታቸውን ሳያውቁ የሚያልፉት እዚህ ላይ ነው። ሒሳብ ክፍል ወር ሲዘጋና የንብረት ቆጠራ ሲመጣ እሁድ ግቡ ይባላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት ዕረፍት ቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛውን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። በሥራ ቀን ከሆነ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ነው። የአንቺን እናስላ። 12 ሺህ ለ26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 58 ብር ሊሆን ጥቂት ሳንቲም ይቀረዋል። እሁድ ሙሉ ቀን ብትሠሪ 923 ብር ግድም ነው፤ 30 በመቶ ግብር ሲነሳለት 646 አካባቢ እጅሽ ይገባል። አንድ እሁድ ከቀሪው 940 ዕዳ ብዙውን ይሸፍናል ማለት ነው። «ሻይ ይበሉበት» ተብሎ 200 ብር ከተሰጠሽ ግን እሱ ትርፍ ሰዓት አይደለም።

የደመወዝ ወረቀትሽንም በዚሁ እንይ። ከሐምሌ 2017 ወዲህ የገቢ ግብሩ ሠንጠረዥ ተቀይሯል። የመጀመሪያው 2 ሺህ ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው 2 ሺህ 15 በመቶ፣ ቀጣዩ 3 ሺህ 20 በመቶ፣ ቀጥሎ ያለው 3 ሺህ 25 በመቶ፣ የአንቺ የመጨረሻ 2 ሺህ 30 በመቶ ይታሰብበታል። 300፣ 600፣ 750 እና 600 ሲደመር 2,250። ጡረታ 7 በመቶ 840። የሚቀረው 8,910፣ ያልሽው ልክ ነው። በቀድሞው ሠንጠረዥ ቢሆን ግብሩ 2,700 ነበር። አሠሪሽ ደግሞ በበኩሉ 11 በመቶ፣ 1,320 ብር ለጡረታ ይጨምርልሻል። ይህ ለዛሬ ችግርሽ አይደርስም፤ ግን በስምሽ መግባቱንና የጡረታ መለያ ቁጥር እንዳለሽ የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቂ። ከደመወዝ ተቆርጦ ወደ ጡረታው ያልገባ መዋጮ ከዓመታት በኋላ ማሳደድ አድካሚ ነው።

ተካፋይ ከመገኘቱ በፊት ዕጣው ቢወጣልሽስ? ብዙ እቁቦች ሕመም ወይም ሌላ ችግር የገጠመውን አባል ያስቀድማሉ፤ ሌላው አባል ዕጣውን በስምምነት የሚለቅበትም አለ። እንበልና በስምንተኛው ሳምንት 10 ሺህ ብር ደረሰሽ። ከዚህ ውስጥ የራስሽ ቁጠባ 4 ሺህ ብቻ ነው፤ 6 ሺሁ ገና በ12 እሁዶች የምትጥዪው ስለሆነ የጎረቤቶችሽ ብድር ነው። ወለድ የሌለው መልካም ብድር፣ ግን ብድር። ስለዚህ ከ10 ሺሁ 2,690ውን ስልኩ ላይ ክፈዪ። ከዚያ እቁቡ እስኪያልቅ በየወሩ የሚጎድልሽን 1,190 ለሦስት ወር ለዪ፣ 3,570። የሚተርፈው 3,740 ብቻ ነው ያንቺ የሚባለው። ዕጣ በወጣ ማግስት ስልክ ቀይረው በአራተኛው ሳምንት ከዳኛው የሚደበቁት ሰዎች ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ 10 ሺሁን በሙሉ የራሳቸው ስላደረጉት ነው።

አሁን አከራይሽ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራል፣ ቦሌ አራብሳም አዲስ አበባ ነው። አዋጁ የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ክፍያውም በባንክ ወይም በሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። ስለዚህ የሦስት ወር፣ ያንቺ ድርሻ 9 ሺህ ብር፣ የመክፈል ግዴታ የለብሽም። ከእቁቡማ በፍጹም አትክፈዪ።

ሕግ አለ ማለት ግን አዋጁን ይዘሽ በሯ ላይ ቁሚ ማለት አይደለም፤ ነገ ጠዋት ደረጃው ላይ የምትገናኙ ሰዎች ናችሁ። ከጓደኛሽ ጋር ሆናችሁ አንድ ምሽት ሂዱ። ለምን ሦስት ወር እንደፈለገች ጠይቋት። አንዳንዴ ለባንክ የሚከፈል የኮንዶሚኒየሙ ዕዳ ተጠራቅሞባት ይሆናል፣ አንዳንዴ ደላላ «ከሌላ ተከራይ የስድስት ወር አመጣልሻለሁ» ብሏት ይሆናል። «እትዬ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን በባንክ ሒሳብሽ እናስገባለን፣ አንድም ቀን አናሳልፍም» ማለት ከሁሉ በላይ የሚያሳምን ነው፤ አከራይን የሚያስፈራት በየወሩ ደጅ መጥናት ነውና። ውላችሁ ካልተመዘገበ ግን ለማስመዝገብ አትዘግዩ። ያልተመዘገበ ውል ይዞ ስለ ሁለት ዓመት መከራከር ይከብዳል። በእጅ ስትከፍሉ የኖራችሁ ከሆነም ከዚህ ወር ጀምሮ በባንክ አድርጉት፤ ደረሰኙ ነገ ያስፈልጋችኋል።

አክሲዮን ያልሽው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 አክሲዮን መሸጥ ሲጀምር የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር፣ ከእቁብሽ ጋር ልክክ የሚል ቁጥር። በጥር 2017 ደግሞ አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ ተከፍቷል። ጥሩ ነገር ነው፣ ጊዜው ሲደርስ ግቢበት። ነገር ግን አክሲዮን እናትሽ ታመው ማታ ሲደወልልሽ ጠዋት ሸጠሽ የምትደርሺበት ገንዘብ አይደለም። ያን ጊዜ የምትሄጂው እንደገና ወደ ስልክሽ ነው፣ በወር ከ7 በመቶ በላይ እየከፈልሽ። ይህን ወጪ የሚያካክስ የትርፍ ድርሻ አላውቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጠባሽ 3 ሺህ ብር ይሁን፤ ደመወዝሽ ከሚገባበት ባንክ ሌላ ባንክ፣ ኤቲኤም ካርድ ሳታወጪ፣ የስልክ መተግበሪያውንም ሳትጭኚ። ወለዱን አትጠብቂ። በ7 በመቶ 3 ሺህ ብር በዓመት 210 ብር ያስገኛል፣ ከዚያ ላይ ግብር አለ፤ የዋጋ ንረቱ ከዚህ ይቀድማል። ወለድ የማትፈልጊ ከሆነ ወለድ አልባ ሒሳብ ክፈቺ፣ በዚህ መጠን ልዩነቱ ኢምንት ነው። የዚህ ብር ጥቅም ከብድር ማዳኑ ነው። ሲሞላ ቀስ እያልሽ ወደ አንድ ወር ወጪ፣ ወደ 8 ሺህ አሳድጊው። ከዚያ በላይ የሆነውን ግን ባንክ አስተኝቶ ማቆየት አልወድም፤ በንረት ጊዜ የተኛ ብር ይቀልጣል። ከጓደኛሽ ጋር 25 ኪሎ ጤፍ ገዝቶ ማስፈጨትና ለጋጋሪ መክፈል እንጀራ በነጠላ ከሱቅ ከመግዛት ይሻላል። ሙያሽን የሚያሻሽል ኮርስ፣ ለምሳሌ የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ከዚያም ይሻላል፤ ደመወዝሽ 15 ሺህ ቢሆን የእኔ ምክር ግማሹ አያስፈልግሽም ነበር።

ለእናትሽ የምትልኪውን ቀንሺ የሚልሽ ይኖራል። እኔ አልልሽም። ከሸኖ በርበሬና ሽሮ የሚመጣልሽ ከሆነ ለምግብ 2 ሺህ የሚበቃሽ በዚያ ምክንያት ነው፤ ሒሳቡ ሁለት አቅጣጫ አለው። ብቻ ቀኑን ወስኚው። ደመወዝ በገባ ማግስት 1,500ው ይሂድ፣ በወሩ መሃል የሚመጣውን የአጎት ልጅ፣ የለቅሶና የሠርግ ጥያቄ ግን ሁሉንም እሺ አትበዪ።

ከዚህ ሌላ ጳጉሜን አስቢ። የነሐሴ ደመወዝሽ የሚቀጥለው እስከሚገባ 35 ቀን ይዘልቃል፣ ለጳጉሜ የሚከፍልሽ የለም። እንቁጣጣሽና መስቀል ደግሞ የሚውሉት በዚያው ደመወዝ ላይ ነው። ምግብሽና ታክሲሽ በቀን 110 ብር ስለሆነ አምስቱ ቀን ብቻ 550 ይፈልጋል፣ በግ ሳይባል ዶሮ ሳይባል። ዕዳው ካለቀ በኋላ በወር 100 ብር ለዚህ ብቻ አስቀምጪ።

እቁቡ ሲያልቅ እንደገና መግባት ትችያለሽ፣ ከግማሽ ዕጣ ሳታልፊ። ፋብሪካችሁ ውስጥ የሠራተኞች የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ ግን እኔ እሱን አስቀድማለሁ፤ እንዲህ ባለ ማኅበር ሒሳብ ክፍል ስለሠራሁ ላዳላ እችላለሁ። ቁጠባው ከደመወዝ በቀጥታ ይቆረጣል፣ የወር ስለሆነ አምስተኛ እሁድ የለበትም፣ የቁጠባሽን ብዙ እጥፍም በስልክ ከሚገኘው በጣም በረከሰ ወለድ ያበድራል። ከመመዝገብሽ በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ባለፈው ዓመት ኦዲት ተደርጓል ወይ፣ የትርፍ ክፍፍሉ ስንት ነበር፣ ሥራ ብትለቂ ቁጠባሽ በስንት ጊዜ ይመለሳል። ለሦስተኛው ጥያቄ «እናያለን» የሚል መልስ ከሰጡሽ፣ ወርኃዊ መዋጮሽን ከመተዳደሪያ ደንባቸው ትንሹ መጠን ላይ አድርጊውና አንድ ዓመት ተመልከቻቸው።